ከጋብቻ በፊት መታወቅ ያለባቸው የሕግ ጉዳዮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለሠርግ የሚደረገው ዝግጅት ወራትን የሚፈጅ ቢሆንም፣ ጋብቻው በሕግ ፊት የጸና እንዲሆን የሚያስፈልጉት ነገሮች ብዙውን ጊዜ የሚታሰቡት ቤት ሲሸጥ፣ ቪዛ ሲጠየቅ፣ ወይም ከተጋቢዎቹ አንዱ ሲሞትና የውርስ ክርክር ሲነሣ ነው። ሕጉ ከተጋቢዎች የሚጠይቀው ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ የሚጠይቀውን ግን ተጋቢዎቹ ራሳቸው፣ በጊዜው፣ በማስረጃ አስደግፈው ሊፈጽሙት ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት የተመሠረቱት በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ላይ ነው።

እኛን የሚመለከተን የትኛው ሕግ ነው?

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ለሚኖሩ ተጋቢዎች የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995 ይሠራል፤ ኦሮሚያና ትግራይን ጨምሮ ሌሎች ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት፣ ባልና ሚስትም ጋብቻ ሲፈጽሙ፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዲኖራቸው ስለሚያዝ የክልል ሕጎች ከዚህ መሠረት ሊወጡ አይችሉም። በዝርዝር ጉዳዮች ላይ ግን ልዩነት ሊኖር ስለሚችል፣ በክልል የሚኖሩ ተጋቢዎች የክልላቸውን ሕግ መመልከት ይኖርባቸዋል። እዚህ የተሰጡት መልሶች የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ የተከተሉ ናቸው።

በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካህ ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ይታወቃል?

አዎን፣ ይታወቃል። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻን በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም) ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት እና በባህል ሥርዓት የሚፈጸሙ ሦስት ዓይነት ጋብቻዎችን ይቀበላል፤ በውጤታቸውም አንዱን ከሌላው አያበላልጥም። «ማዘጋጃ ቤት ካልተፈራረምን ተጋባን አይባልም» የሚለው አነጋገር የተለመደ ቢሆንም ከሕጉ ጋር አይጣጣምም። በተክሊልም ሆነ በኒካህ፣ በሽማግሌ ፊት በተደረገ ቃል ኪዳንም ሆነ በማዘጋጃ ቤት የተጋቡ ሰዎች በሕግ ባልና ሚስት ናቸው።

ሆኖም ሥርዓቱ የተለያየ ቢሆንም ለሁሉም አንድ ሆነው የሚቀሩ ሁኔታዎች አሉ። የተጋቢዎቹ ፈቃድ፣ ዕድሜ፣ የዝምድና ክልከላ፣ ቀድሞ የጸና ጋብቻ አለመኖር በሦስቱም ዓይነት ጋብቻዎች ላይ እኩል ይሠራሉ፤ አንድ የሃይማኖት አባት ባረከው ተብሎ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ጋብቻ ሕጋዊ አይሆንም። በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመው ጋብቻም በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ መመዝገብ አለበት።

ለጋብቻ የተወሰነው ዕድሜ ስንት ነው?

ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ይህ ልዩነት እንዲቀር መደረጉ የተሻሻለው ሕግ ካመጣቸው ትልልቅ ለውጦች አንዱ ነው። ከባድ ምክንያት ሲኖር፣ ተጋቢዎቹ ራሳቸው ወይም የአንዳቸው ወላጆች ወይም አሳዳሪ ሲያመለክቱ፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ የዕድሜ ቅነሳ ሊፈቅድ ይችላል። ስለዚህ ከ16 ዓመት በታች የሆነን ሰው ማጋባት በምንም ዓይነት ፈቃድ አይቻልም።

ዕድሜው ሳይደርስ የተፈጸመ ጋብቻ ጥቅም ባለው ማንኛውም ሰው ወይም በዐቃቤ ሕግ ጠያቂነት ይፈርሳል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት፣ ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። የልደት የምስክር ወረቀት በሌለበት አካባቢ «ልጅቷ ደርሳለች» በሚል ምስክርነት ብቻ ጋብቻ እንዳይፈጸም ቤተሰብም፣ ሽማግሌም፣ የሃይማኖት አባቶችም ኃላፊነት አለባቸው። በልጅነት ተድራ ትምህርቷን የምታቋርጥ ልጅ የምታጣውን ነገር ፍርድ ቤት ጋብቻውን በማፍረስ ብቻ ሊመልስላት አይችልም።

የወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል?

18 ዓመት ለሞላው ሰው አያስፈልግም። ሽማግሌ መላክ፣ የልጅቷን ቤተሰብ ማስፈቀድና ጥሎሽ መስጠት የተከበሩ ልማዶች ናቸው፤ ለጋብቻው ሕጋዊነት ግን ቅድመ ሁኔታ አይደሉም። የወላጆች መስማማት የተጋቢዋን ወይም የተጋቢውን እምቢታ ሊተካ እንደማይችል ሁሉ፣ የወላጆች አለመስማማትም አዋቂ ተጋቢዎች የሰጡትን ፈቃድ አያፈርሰውም።

ፈቃዱ ነፃ መሆን አለበት። ራስን፣ ወላጅን፣ ልጅን ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድን ከከባድና በቅርብ ከሚደርስ አደጋ ለማዳን ሲባል የተሰጠ ፈቃድ በኃይል የተገኘ ስለሆነ ጋብቻው እንዲፈርስ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ጥያቄው የሚቀርበው ኃይሉ ከተወገደ በ6 ወር ውስጥ ሲሆን፣ ጋብቻው ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ ግን አይቻልም። ጠለፋ በወንጀል ሕጉ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ከተፈጸመ በኋላ ሽማግሌ ተቀምጦ ቢታረቅም ወንጀልነቱ አይቀርም።

ሕጉ መሠረታዊ ስህተትንም ይመለከታል። ሊያገባው ከፈለገው ሰው ውጭ ሌላ ሰው ያገባ፣ ወይም የማይድን ወይም ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ እንዳለበት ሳያውቅ ከታመመ ሰው ጋር የተጋባ ተጋቢ ስህተቱን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ጋብቻው በተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ጋብቻው እንዲፈርስለት ማመልከት ይችላል።

ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ግዴታ ነው?

የቤተሰብ ሕጉ ምርመራን የጋብቻ ቅድመ ሁኔታ አላደረገውም። ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ሌሎች የሃይማኖት ተቋማት ግን ጋብቻውን ከመፈጸማቸው በፊት የምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ። ሕጉ አላስገደደም ተብሎ ጉዳዩ መታለፍ የለበትም፤ ከፍ ብሎ እንደተገለጸው የጤና ሁኔታን መደበቅ ጋብቻውን እስከማፍረስ ሊያደርስ ይችላል። አብሮ ሄዶ መመርመርና ውጤቱን አብሮ መስማት ለሁለቱም ክብር ነው።

በምን ያህል ዝምድና ላይ ጋብቻ ይከለከላል?

ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠር የሥጋ ዝምድና፣ ማለትም በወላጅና በልጅ፣ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ጋብቻ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ወደ ጎን በሚቆጠረው ዝምድና ወንድ እኅቱን ወይም አክስቱን፣ ሴት ወንድሟን ወይም አጎቷን ማግባት አትችልም። በጋብቻ ዝምድና በኩል ደግሞ ከትዳር ጓደኛ ወላጆችና ልጆች ጋር፣ እንዲሁም ከሚስት እኅት ወይም ከባል ወንድም ጋር ጋብቻ መፈጸም አይቻልም።

ብዙዎችን የሚያስገርመው የአዋጁ ክልከላ ከባህሉና ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጠበበ መሆኑ ነው። በአማራው ማኅበረሰብና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የተለመደ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን የአጎት ወይም የአክስት ልጆችን በስም ጠቅሶ አይከለክልም። በቤተ ክርስቲያን ለመጋባት የሚያስቡ ሰዎች ስለዚህ የሕጉን ብቻ ሳይሆን የሃይማኖታቸውንም ሥርዓት አስቀድመው መጠየቅ አለባቸው፤ ሠርጉ ሲቃረብ የዘር ቆጠራ ተነሥቶ መቋረጥ ለሁለቱም ቤተሰቦች ከባድ ሐዘን ነው።

ቀድሞ አግብቶ የነበረ ሰው ምን ማሟላት አለበት?

የቀድሞው ጋብቻ በሞት ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ መፍረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ በጣም የተለመደ አደገኛ ግንዛቤ አለ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎች አስቀምጠው፣ ንብረት አካፍለው፣ «ተለያይታችኋል» ብለው ይሸኟቸዋል፤ ተጋቢዎቹም እንደተፋቱ ቆጥረው የየራሳቸውን ኑሮ ይጀምራሉ። በሕጉ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ፣ ሊያስማሙ፣ ስምምነት ሊያዘጋጁ ይችላሉ፤ ስምምነቱ ለፍርድ ቤት ቀርቦ እስካልጸደቀ ድረስ ግን በእጃቸው ያለው ወረቀት ፍቺ አይደለም፤ ሁለተኛ ጋብቻ መፈጸምም በጋብቻ ላይ ጋብቻ ወደሚለው የወንጀል ክስ ሊያመራ ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ለዚህ ጥፋት እሥራት የሚወስን ሲሆን፣ ከባድ በሆነ ጊዜ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። ጋብቻውም ከተጋቢዎች በአንዳቸው ወይም በዐቃቤ ሕግ ጠያቂነት ይፈርሳል።

ሴት የቀድሞ ጋብቻዋ ከፈረሰ በኋላ 180 ቀናት ሳይሞሉ እንደገና እንዳታገባ ሕጉ ይከለክላል፤ ዓላማውም የሚወለደው ልጅ አባት ማን እንደሆነ እንዳያጠራጥር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከወለደች፣ የቀድሞ ባሏን መልሳ ካገባች፣ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሕክምና ማስረጃ ከተረጋገጠ፣ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደላት ክልከላው አይመለከታትም። ይህን ጊዜ ባለመጠበቅ ብቻ ጋብቻው አይፈርስም።

በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለመጋባት ሂደቱ ምን ይመስላል?

ጋብቻው የሚፈጸመው ከተጋቢዎቹ አንዱ፣ ወይም ከወላጆቻቸው ወይም ከቅርብ ዘመዶቻቸው አንዱ ቢያንስ ለ6 ወር በተከታታይ በኖረበት አካባቢ ነው። ተጋቢዎቹ የመጋባት ፍላጎታቸውን ሥርዓቱ ከሚፈጸምበት ቀን ቢያንስ ከ1 ወር በፊት ለሹሙ ያሳውቃሉ፤ ሹሙም ማስታወቂያ ያወጣል፤ በሕግ የተፈቀደለት ሰውም መቃወሚያ ሊያቀርብ ይችላል። በቀኑ ሁለቱ ተጋቢዎችና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክሮች ይገኛሉ፤ ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ፤ ፈቃዳቸውን በአፋቸው ይገልጻሉ፤ መዝገቡ ላይም ይፈርማሉ።

የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና ያላገባ ማስረጃ፣ ቀድሞ ላገባ ሰውም የፍቺ ውሳኔ ወይም የሞት የምስክር ወረቀት በአብዛኛው ይጠየቃሉ። የሚፈለገው ዝርዝር ከወረዳ ወረዳ ሊለያይ ስለሚችል ቀኑ ሳይደርስ በአካል ሄዶ መጠየቅ ይመረጣል።

ጋብቻን ማስመዝገብ ለምን ያስፈልጋል? ጊዜው ካለፈስ?

በወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት፣ በማናቸውም ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠራው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ በየወረዳው ባሉት ጽሕፈት ቤቶች አማካይነት ነው። በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ውጤት የሚኖረው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ዘግይቶ በመመዝገቡ የጋራ ዘመናችሁ አያጥርም።

ያልተመዘገበ ጋብቻ ጋብቻ መሆኑ አይቀርም፤ ይሁንና የምስክር ወረቀት በሌለበት ጊዜ ተጋቢዎቹ እንደ ባልና ሚስት ይኖሩና ይታወቁ እንደነበረ በሰው ምስክር ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ባሏ የሞተባት ሴት በሐዘን ላይ ሆና ከባሏ ወገኖች ጋር «ሚስቱ ነኝ፣ አይደለሽም» በሚል ክርክር ፍርድ ቤት የምትመላለሰው በአብዛኛው ይህ ወረቀት ባለመኖሩ ነው። የ30 ቀኑ ጊዜ ያለፈባቸው ሰዎችም በዘገየ ምዝገባ ማስመዝገብ ስለሚችሉ ተስፋ ቆርጠው መተው የለባቸውም።

ውጭ አገር ስላለሁ በውክልና ማግባት እችላለሁ?

በመርሕ ደረጃ አይቻልም። ሕጉ እያንዳንዱ ተጋቢ ጋብቻው በሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ በአካል ተገኝቶ ፈቃዱን እንዲሰጥ ያዛል። የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት መኖሩና ወካዩ ለጋብቻው ሙሉ ፈቃዱን መስጠቱ በፍትሕ ሚኒስቴር ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለወንድም ወይም ለአባት የውክልና ሥልጣን ልከው ሠርጉ ከተደገሰ በኋላ ጋብቻው አልመዘገብ ሲል ይጨነቃሉ፤ ቀድሞ የሚያስፈልገው የሚኒስቴሩ ፈቃድ ነው።

ጋብቻውን መሠረት አድርገው ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያስቡ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለቱ ተጋቢዎች በአንድነት ባልተገኙበት የተፈጸመን ጋብቻ የሚቀበለው ከጋብቻው በኋላ በአካል ተገናኝተው ግንኙነት መፈጸማቸው ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የሃይማኖት ተቋም የሰጠው ወረቀት ብቻውን ለቪዛ ማመልከቻ ስለማይበቃም ከመንግሥት መዝገብ የተሰጠ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያም ይጸናል።

ከጋብቻ በፊት ያፈራሁት ንብረት የማን ይሆናል?

ተጋቢዎች ጋብቻ በፈጸሙበት ቀን በየግላቸው ያላቸው ንብረት፣ ከዚያም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ በግል የሚያገኙት፣ የግል ሆኖ ይቀራል። በጋብቻው ዘመን የሚገኝ ደመወዝ፣ የንግድ ትርፍና ማንኛውም ገቢ ግን የጋራ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ መሆኑን ነው፤ ከጋብቻ በፊት የሠራኸው ቤት የግልህ ቢሆንም፣ ከጋብቻ በኋላ የሚሰበሰበው ኪራይ የሁለታችሁ ነው። ለሁለታችሁ በአንድነት የተሰጠ ስጦታም፣ ሰጪው ሌላ ነገር ካልገለጸ በስተቀር፣ የጋራ ነው።

በአንድ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። ሊብሬው በማን ስም ነው፣ የቤቱ ካርታ የማንን ስም ይዟል የሚለው ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም። የግል ቤቱን ሸጦ በገንዘቡ ሌላ የገዛ ሰው አዲሱ ቤት በራሱ ጊዜ የግል ይሆናል ብሎ መተማመን የለበትም፤ የግል መሆኑን ፍርድ ቤት በጥያቄው መሠረት መወሰን አለበት። በተለይ ከጋብቻ በፊት በዕጣ ወጥቶ ዕዳው በጋብቻው ዘመን ከጋራ ገቢ የሚከፈል ኮንዶሚኒየም ለክርክር የተጋለጠ ስለሆነ፣ ማን ምን ያህል እንደከፈለ የሚያሳየው የባንክ ማስረጃ በጥንቃቄ ሊቀመጥ ይገባል።

የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለው ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ በዚያው መጠን ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን፣ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት በስጦታ ለመስጠትም እንዲሁ ነው። በዛሬ የብር ዋጋ ይህ መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ በተግባር ማንኛውም ክብደት ያለው ውል የሁለቱን ፊርማ ይጠይቃል ማለት ይቻላል። ሳይስማማ የቀረው ተጋቢ ውሉን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል።

የጋብቻ ውል መዋዋል ፍቅርን መጠራጠር አይሆንም?

አይሆንም። ሕጉ ተጋቢዎች የንብረታቸውን ነገር ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ በውል እንዲወስኑ ፈቅዷል። በተለይ የቀድሞ ትዳር ልጆች ላሏቸው፣ የቤተሰብ ድርጅት ለሚያስተዳድሩና ከወንድም እኅት ጋር ገና ያልተካፈሉት ውርስ ላላቸው ሰዎች ውል ቢኖር እመርጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በውሉ ያልታሰቡት ልጆች ናቸውና። ውሉ በጽሑፍ መሆንና በአራት ምስክሮች፣ ማለትም በባል በኩል በሁለት፣ በሚስት በኩል በሁለት፣ መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ካልተሟላ ዋጋ የለውም። ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ውል ደግሞ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በቀር ውጤት አይኖረውም። ስለዚህ «ከሠርጉ በኋላ እንነጋገርበታለን» የተባለ ጉዳይ ያኔ ሌላ መንገድ ይጠይቃል።

ሳንጋባ አብረን ብንኖር ሕጉ ምን መብት ይሰጠናል?

ሕጉ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎችን ግንኙነት ያውቃል። አብሮ መኖሩ ከ3 ዓመት ያላነሰ ሲሆን በዚያ ዘመን ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል፤ ከዚያ ያጠረ ከሆነ ግን በዚህ ድንጋጌ መሠረት መካፈል አይቻልም። ልጆቻቸው በጋብቻ ከተወለዱ ልጆች እኩል መብት አላቸው። ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው ግን በሁሉም ነገር እንደ ባልና ሚስት አይቆጠሩም፤ ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩና ለመጋባት የሚያስቡ ሰዎች ያላገባ ማስረጃቸውንና ምስክሮቻቸውን ይዘው ወደ ወረዳቸው ቢሄዱ የሚከለክላቸው ነገር የለም።